ነርቩን ከመንካታችሁ በፊት ቆዳው ላይ ለኩ፦ በኤሌክትሪክ አመንጪ ዓሣ ላይ የነርቭ ምላሽ አለካክ

ባሕር ዳር ውስጥ የሥነ ሕይወትም የፊዚክስም ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሡልኝ ጥያቄ አለ። «ለዓሣው ቁመቱ ከፍ ዝቅ የሚል ሞገድ ሰጠሁት። ነርቩ ግን አንዴ ዝም ይላል፣ አንዴ ደግሞ ለሁሉም ነገር እኩል ይመልሳል። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?»

ስህተቱ ብዙ ጊዜ ነርቩ ላይ አይደለም፤ ውሃው ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የጻፋችሁት ቁጥርና ዓሣው ቆዳ ላይ የሚደርሰው ቁጥር ይለያያሉ። በመካከላቸው ገመድ፣ አምፕሊፋየር፣ ኤሌክትሮድና ውሃ አለ። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል ወይም ያዛባል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከግማሽ በላይ የሚያወራው ስለ ማነቃቂያው፣ ማለትም ለዓሣው ስለምንሰጠው ሞገድ ነው። እሱ ከተስተካከለ የነርቩ ሥራ ይቀላል።

«ከጣና የወጣ ዓሣ አይሆንም ወይ?» የሚለውም አይቀርም። አይሆንም። ቀረሶም ሆነ ነጭ ዓሣ እንዲህ ያለ ሞገድ አያመነጩም። አምባዛ ቆዳው ላይ ቀርፋፋ የኤሌክትሪክ ለውጥ የሚሰሙ ተቀባዮች አሉት፤ የራሱን ሞገድ ግን ያለማቋረጥ አይለቅም። እኛ የምንፈልገው ቀን ከሌት የራሱን ሞገድ የሚለቅና የዚያን ሞገድ ቁመት መለዋወጥ የሚያዳምጥ ዓሣ ነው። በአገራችን በባሮ ወንዝ የሚኖረው ጂምናርከስ እንዲህ ዓይነት ነው፤ ግን በጣም ያድጋል፣ ተናካሽም ነው። ይህን መመሪያ የጻፍኩት አፕተሮኖተስ ለሚባለው የደቡብ አሜሪካ ዓሣ ነው። አብዛኛው ቤተ ሙከራ የሚጠቀመው እሱን ነው። ቡናማው ዝርያ በሴኮንድ ከ600 እስከ 1000 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። የኤሌክትሪክ አካሉ የተሠራው ከጡንቻ ሳይሆን ከነርቭ ስለሆነ፣ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ቢሰጠውም ሞገዱ አይጠፋም። ለሥራችን ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ከፕላስቲክ ወይም ከአክሪሊክ የተሠራ ጥልቀት የሌለው ገንዳ (30 በ30 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 10 ይበቃል)
- የውሃ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለኪያ፣ ቴርሞሜትር፣ የዓሣ ማሞቂያ፣ የአየር ፓምፕ
- ስድስት የካርቦን ዘንጎች (ሁለቱ ለልምምድ፣ ሁለቱ የዓሣውን ሞገድ ለመቅዳት፣ ሁለቱ ማነቃቂያ ለመስጠት)። መግዛት ካልቻላችሁ ከአሮጌ የባትሪ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣው ጥቁር ዘንግ ይሠራል። አልካላይን ከሚባለው ዓይነት ግን አይገኝም። ዘንጉ ላይ የቀረውን ጥቁር ዱቄት አጥባችሁ፣ ዘንጉን በውሃ ቀቅሉት፤ ዱቄቱ ለዓሣ አይሆንም።
- ሁለት ቀጭን የብር ሽቦዎች። ጫፋቸው ብቻ ተገልጦ፣ በ1 ሚሊ ሜትር ርቀት አንድ ላይ የተለጠፉ
- ሦስት አምፕሊፋየሮች (አንዱ ለዓሣው ሞገድ፣ አንዱ ቆዳው ላይ ለሚለኩት የብር ሽቦዎች፣ አንዱ ለነርቩ)፣ ቢቻል በባትሪ የሚሠሩ
- ሁለት ምልክቶችን የሚያባዛ ሰርኪዩት። ኤዲ 633 የሚባለው ቺፕ ይበቃል።
- ማነቃቂያውን ከግድግዳ መብራት የሚነጥል ማግለያ (አይሶሌተር)
- በሴኮንድ ቢያንስ 20,000 ናሙና በየቻናሉ የሚወስድ መቅጃ ካርድ
- በጨው ውሃ የሚሞላ የመስታወት ማይክሮኤሌክትሮድ እና እጅን የሚተካ ማይክሮማኒፑሌተር
- የዶሮ ሽቦ፣ ለከለላ

1. ፈቃዱን አስቀድሙ

በሕይወት ያለ እንስሳ ላይ ነው የምትሠሩት። የተቋማችሁ የእንስሳት ሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳይፈቅድ ዓሣ አትግዙ። የውጭ ዓሣ ማስገቢያ ፈቃድም ያስፈልጋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሥራው ሲያልቅ ዓሣውን ጣና ውስጥ ወይም ወደ ጣና በሚገባ ወንዝ ውስጥ እንዳትለቁት። የገንዳውን ውሃም ቢሆን ወደ ሐይቁ በሚወስድ ቦይ አታፍስሱ። እምቦጭ ያደረገንን የሐይቁ ዳር ሰው ሁሉ ያውቃል።

2. ውሃውን አስተካክሉ

የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑን በማስወገጃ መድኃኒት አጥፉት። ከዚያ አስተላላፊነቱን ለኩ። በሴንቲ ሜትር ከ200 እስከ 300 ማይክሮሲመንስ መሆን አለበት። ካነሰ ንጹሕ ጨው ጨምሩ። ለምሳሌ 20 ሊትር ውሃ ከ150 ወደ 300 ለማድረስ 1.5 ግራም ገደማ ይበቃል። ጨምራችሁ፣ አማስላችሁ፣ እንደገና ለኩ።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ውሃው በተለወጠ ቁጥር የዓሣው ሞገድም የእናንተ ማነቃቂያም ቆዳው ላይ ያላቸው ጉልበት ይለወጣል። የሰኞው ውጤት ከሐሙሱ ጋር የማይመሳሰለው አንዳንዴ በዚህ ብቻ ነው።

ሙቀቱን ከ26 እስከ 28 ዲግሪ አድርጉ። በኅዳርና በታኅሣሥ የባሕር ዳር ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ጠዋት ስትመጡ ውሃው ወርዶ ታገኙታላችሁ። ውሃው ሲቀዘቅዝ የዓሣው ሞገድ ይዘገያል፣ ነርቩም ይቀዘቅዛል። የአየር ፓምፑንም አትናቁት። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በዝቅተኛ ቦታ የተጻፈ መመሪያ ላይ ያለውን የፓምፕ ልክ እንዳለ መውሰድ ዓሣውን ያስጨንቀዋል።

3. ጩኸቱን አጥፉ

የመብራት ኃይላችን በ50 ሄርዝ ነው የሚመጣው። ያ ሞገድ ግድግዳው ውስጥ ካለው ገመድ ወደ ገንዳችሁ ይገባል። ገንዳውን በዶሮ ሽቦ ክበቡት። ሽቦውን፣ ጠረጴዛውንና የአምፕሊፋየሩን ግራውንድ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ አገናኙ። ሁለት ቦታ ካሰራችሁት ራሱ ክብ ሠርቶ ጩኸት ይሰበስባል።

ማሞቂያውን በምትቀዱበት ሰዓት ከሶኬቱ ንቀሉት። ማብሪያ ማጥፊያውን መዝጋት ብቻ አይበቃም። የስልክ ቻርጀርም ከክፍሉ ይውጣ። መብራት ቢጠፋ ብላችሁ የገዛችሁት ዩፒኤስም በባትሪ ሲሠራ ከመብራቱ የባሰ ጩኸት ሊያመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ዩፒኤሱን ለኮምፒውተሩ ተዉትና አምፕሊፋየሩን በባትሪ አሠሩት። ክረምት ላይ መብረቅ ሲኖር መቅዳት አቁሙ። ብልጭታው ልክ እንደ ነርቭ ምት (ነርቩ እንደሚለቀው አጭር የኤሌክትሪክ ምልክት) ሆኖ ይመዘገባል።

ማስጠንቀቂያ፦ ጨዋማ ውሃና 220 ቮልት ጎን ለጎን ናቸው። ዲቫይደሩን መሬት ላይ አታስቀምጡ፤ ከጠረጴዛው ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። በግድግዳ መብራት የሚሠራ መሣሪያን ያለ ማግለያ ከካርቦን ዘንጎቹ ጋር አታገናኙ።

4. መጀመሪያ በውሸት ዓሣ ተለማመዱ

ሁለት የካርቦን ዘንጎችን በ12 ሴንቲ ሜትር ርቀት ገንዳው መካከል አስቀምጡ። በባትሪ ከሚሠራ ስልክ የጆሮ ማዳመጫ ገመድ 800 ሄርዝ ድምፅ አጫውቱባቸው። ይኸው «ዓሣችሁ» ነው። አይደክምም፣ አይሞትም። ደረጃ 5 እና 6ን ሙሉ በሙሉ በእሱ ላይ ሠርታችሁ ቁጥሮቹ እስኪስተካከሉ ድረስ እውነተኛ ዓሣ ገንዳው ውስጥ አትጨምሩ። ዓሣ ለልምምድ ማባከን አያስፈልግም።

5. ማነቃቂያውን ከዓሣው ከራሱ ሞገድ ሥሩ

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ዓሣው በ812 ሄርዝ ይርገበገባል ብላችሁ ከኮምፒውተር 812 ሄርዝ ብትልኩ፣ ዓሣው ትንሽ ቆይቶ 812.4 ይሆናል። ሁለቱ ሞገዶች አንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዴ ይጠፋፋሉ። ያላዘዛችሁት መዋዠቅ ይፈጠራል ማለት ነው። ስለዚህ የዓሣውን ሞገድ እዚያው ቀድታችሁ፣ በምትፈልጉት ቀርፋፋ ምልክት አባዝታችሁ ወደ ውሃው መልሱት።

ሀ. አንድ ኤሌክትሮድ ከዓሣው ራስ ፊት፣ አንድ ከጭራው ኋላ አስቀምጡ። እነዚህ የዓሣውን ሞገድ ይቀዳሉ።

ለ. ማነቃቂያ የሚሰጡትን ሁለት የካርቦን ዘንጎች ከዓሣው ግራና ቀኝ፣ በ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቀት አቁሙ። ቀጂዎቹና ሰጪዎቹ መስቀል መሥራት አለባቸው። እንዲህ ካልሆነ ቀጂዎቹ የእናንተን ማነቃቂያ መልሰው ይሰሙታል፣ ያባዙታል፣ እንደገና ይልኩታል። ማይክሮፎን ስፒከር ፊት ሲቆም እንደሚጮኸው ማለት ነው። ማስተካከሉ ቀላል ነው። ዓሣው ሳይኖር በሰጪዎቹ 800 ሄርዝ ልካችሁ፣ በቀጂዎቹ ላይ የሚታየው ዜሮ እስኪጠጋ ድረስ ቀጂዎቹን በትንሽ በትንሹ አንቀሳቅሱ። የውሸት ዓሣው ላይም መጀመሪያ ስልኩን አጥፍታችሁ ይህንኑ አድርጉ።

ሐ. የዓሣውን ሞገድ በማባዣው አንድ በር፣ ቀርፋፋውን ምልክት (ለምሳሌ 4 ሄርዝ) በሌላው በር አስገቡ። ኤዲ 633 ሁለቱን አባዝቶ ውጤቱን ለ10 ያካፍላል። ይህን ረስታችሁ ካሰላችሁ ማነቃቂያችሁ ካሰባችሁት 10 እጥፍ ይደክማል።

መ. ከማባዣው የወጣውን በማግለያው በኩል ወደ ካርቦን ዘንጎቹ ላኩ። ወደ ውሃው ቀጥተኛ ፍሰት እንዳያልፍ ተጠንቀቁ። ቀጥተኛ ፍሰት ዘንጎቹን ያበላሻል፤ የዓሣውን ቀርፋፋ ለውጥ የሚሰሙ ሌሎች ተቀባዮችንም ይቀሰቅሳል። እናንተ ስለ አንዱ ተቀባይ ስታጠኑ ሌላው ይመልስላችኋል።

6. ቆዳው ላይ ለኩ

ከዚህ ሁሉ አንድ ደረጃ ብቻ በደንብ የምትሠሩ ከሆነ ይሄኛውን ሥሩ።

ሁለቱን የብር ሽቦዎች ከዓሣው ጎን፣ ከስንጥቡ ክዳን ኋላ፣ ቆዳውን ሊነኩ ጥቂት እስኪቀራቸው አስጠጉ። አንዱ ጫፍ ወደ ቆዳው፣ አንዱ ወደ ውጭ ይሁን፤ ማለትም ለቆዳው ቀጥ ብለው ይቁሙ። ተቀባዮቹ የሚሰሙት በቆዳው በኩል ሰንጥቆ የሚያልፈውን ነው። በቆዳው ላይ ተኝቶ የሚሄደውን ብትለኩ ሌላ ነገር ነው የለካችሁት።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አምፕሊፋየሩ 1,000 ጊዜ ያጎላል እንበል። ስክሪኑ ላይ 100 ሚሊቮልት አነበባችሁ። ለ1,000 ሲካፈል 0.1 ሚሊቮልት ነው። ሽቦዎቹ በ1 ሚሊ ሜትር ማለትም በ0.1 ሴንቲ ሜትር ስለሚራራቁ፣ መስኩ በሴንቲ ሜትር 1 ሚሊቮልት ነው።

አሁን መዋዠቁን ስጡ። የሞገዱን ትልቁን ቁመትና ትንሹን ቁመት አንብቡ። የሁለቱን ልዩነት ለሁለቱ ድምር አካፍሉ። ትልቁ 1.15፣ ትንሹ 0.85 ቢሆን ልዩነቱ 0.30፣ ድምሩ 2.00 ነው። መልሱ 15 በመቶ። የመዋዠቁ ጥልቀት ይባላል። ለመጀመሪያ ሥራ ከ10 እስከ 20 በመቶ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ስትሄዱ ነርቩ ጣሪያው ላይ ደርሶ መለየት ያቆማል፤ ሲወርድም ጭራሽ ዝም ይላል።

ይህን ለአንድ ድግግሞሽ ብቻ ለክታችሁ አትተዉት። ለ2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32፣ 64፣ 128 እና 256 ሄርዝ እያንዳንዱን ለክታችሁ ሠንጠረዥ ሥሩ። ሰርኪዩታችሁ ፈጣኑን መዋዠቅ ሊያዳክመው ይችላል። ሳትለኩ ካለፋችሁ «ነርቩ ፈጣን መዋዠቅ አይወድም» ትላላችሁ። ያልወደደው ሽቦው ነው። እኔም አንድ ጊዜ ሦስት ሳምንት የፈጀሁበት ቅጂ በዚሁ ተበላሽቶብኛል፤ 128 ሄርዙ ላይ ዓሣው የደረሰው ካሰብኩት ከግማሽ በታች ነበር። ከዚያ ወዲህ ሠንጠረዡን ሳልሠራ ኤሌክትሮድ አላነሣም።

አቅጣጫውንም አረጋግጡ። ቀርፋፋውን ምልክት ለጊዜው ቋሚ አዎንታዊ አድርጉት፤ ቆዳው ላይ ያለው ቁመት መጨመር አለበት። ከቀነሰ ገመዱ ተገልብጧል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ማነቃቂያው ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚያልፍ፣ ዓሣው በአንድ ጎኑ ሲጨምርለት በሌላው ይቀንስበታል። ስለዚህ የምትለኩት ነርቩን በምትቀዱበት በዚያው ጎን ይሁን። ዓሣው በገባ ቁጥርም እንደገና ለኩ፤ ትንሽ ዞሮ ከተቀመጠ ቁጥሩ ይለወጣል።

7. ዓሣውን አዘጋጁ

ይህን ክፍል ከጽሑፍ እንዳትማሩት። ማደንዘዣው፣ ቁስሉ ላይ የሚቀባው መድኃኒት፣ ጡንቻ ማላያው፣ መጠናቸው ሁሉ ከሠለጠነ ሰው አጠገብ ቆሞ የሚለመድ ነው። እኔ የምላችሁ ሦስት ነገር ብቻ ነው።

ጡንቻው የላላ ዓሣ ራሱ አይተነፍስም፤ በአፉ በገባ ቱቦ የተጣራና አየር የጠገበ ውሃ ያለማቋረጥ በስንጥቡ ላይ ማለፍ አለበት። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ከቆመ ዓሣው ይሞታል፤ ውሃው ከከፍታ በራሱ እንዲወርድ ባልዲ ከላይ ስቀሉ። ጡንቻ ማላያ ሕመም አያስታግሥም፤ ዓሣው ስላልተንቀሳቀሰ አላመመውም ማለት አይደለም። ቁስሉ ሁልጊዜ መደንዘዝ አለበት። መድኃኒቱ ለሰውም አደገኛ ነው፤ ጓንት ሳታደርጉ፣ ብቻችሁንም ሆናችሁ አትንኩት።

8. ነርቩን ፈልጉ

በአንጎል አትጀምሩ። ከራሱ ኋላ፣ ከስንጥቡ ክዳን በላይ፣ የጎን መስመሩ ነርቭ ከቆዳው ሥር ቅርብ ሆኖ ያልፋል። እዚያ የራስ ቅል መክፈት አያስፈልግም። ማይክሮኤሌክትሮዱን በጥቂት ማይክሮሜትር እያራመዳችሁ ድምፁን በስፒከር አዳምጡ። ጆሮ ከዓይን ቀድሞ ይለያል።

የምትፈልጉት ቁመት የሚሰማው ተቀባይ ፒ-ዩኒት ይባላል። ያለ ማነቃቂያም በሴኮንድ መቶ፣ ሁለት መቶ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ጊዜ ይመታል። በእያንዳንዱ የዓሣው ሞገድ ላይ ግን አይመታም፤ አንዳንዱን ይዘላል። ቁመቱ ሲጨምር የሚዘለው ይቀንሳል፣ ምቱ ይበዛል። በእያንዳንዱ ሞገድ ላይ ሳያዛንፍ የሚመታ ነገር ካገኛችሁ ለጊዜው እለፉት፤ ምናልባት የዓሣውን ሞገድ ራሱን ነው የምትሰሙት።

9. ቅዱ

መጀመሪያ ያለ ማነቃቂያ 60 ሴኮንድ ቅዱ። ነርቩ በራሱ ምን እንደሚያደርግ ሳታውቁ ምላሹን መለየት አትችሉም። ከዚያ እያንዳንዱን ድግግሞሽ ለ20 ሴኮንድ ስጡ፤ በመካከል 30 ሴኮንድ አሳርፉ። ተቀባዮቹ ይለምዳሉ፣ መልሰው ለመታደስም ጊዜ ይፈልጋሉ። ቅደም ተከተሉን አደባልቁት። ሁልጊዜ ከ2 ወደ 256 ከሄዳችሁ የነርቩ ድካምና የድግግሞሹ ውጤት ይቀላቀሉባችኋል።

አራት ነገር በአንድ ጊዜ ቅዱ፦ ነርቩን፣ የዓሣውን ሞገድ፣ ቆዳው ላይ ያለውን ሞገድ፣ ቀርፋፋውን ምልክት። ቦታ ለመቆጠብ አንዱን የተወ ሰው በኋላ ሁሉንም እንደገና ይሠራል።

10. የውሸት ምት መሆኑን ፈትኑ

የነርቭ ምት ለመቅዳት ብዙ ጊዜ ከ300 እስከ 3,000 ሄርዝ ያለውን ብቻ እናሳልፋለን። የዓሣው ሞገድ ደግሞ 800 ሄርዝ ገደማ ነው፤ እዚያው መሐል ተቀምጧል። በፊልተር ማውጣት አይቻልም። ማነቃቂያው ሲጨምር የዓሣው ሞገድ ራሱ የምት መቁጠሪያ ድንበራችሁን ይሻገርና «ምት» ይባላል። ውጤቱም እጅግ ያማረ፣ ማነቃቂያውን ፍጹም የሚከተል ነርቭ ይመስላል።

ፈተናው አጭር ነው። ቀድታችሁ ስትጨርሱ ኤሌክትሮዱን ከነርቩ ትንሽ አውጡና ያንኑ ማነቃቂያ ድገሙ። «ምቱ» አሁንም ካለ ነርቭ አልነበረም፤ ቅጂውን ጣሉት። ይህ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ለእያንዳንዱ ነርቭ አድርጉት።

11. አስሉ

እያንዳንዱ ምት በቀርፋፋው መዋዠቅ ዑደት ውስጥ የት ላይ እንደወደቀ አስሉ። ዑደቱን ለ20 ክፍል ከፍላችሁ በየክፍሉ የወደቀውን ቁጠሩ። ክምችቱ ምን ያህል አንድ ቦታ እንደተሰበሰበ ከ0 እስከ 1 በሚሄድ ቁጥር (ቬክተር ስትሬንግዝ በሚባለው) ይገለጻል። 0 ማለት ምቶቹ በእኩል ተበትነዋል፣ 1 ማለት ሁሉም አንድ ነጥብ ላይ ናቸው።

ቁጥሩን ብቻውን አትመኑት። የቁጥሩን ካሬ በምቶቹ ብዛት አባዙት። ለ200 ምት ቁጥሩ 0.2 ቢሆን ውጤቱ 8 ነው፤ እንዲህ ያለው በአጋጣሚ የመምጣት ዕድሉ ከሺህ አንድ እንኳ አይሞላም። ለ10 ምት ቁጥሩ 0.4 ቢሆን ግን ውጤቱ 1.6 ብቻ ነው፤ በአጋጣሚ የመምጣት ዕድሉ 20 በመቶ ገደማ ነው። የሚበልጥ የሚመስለው 0.4 ምንም አላረጋገጠም።

ምን ያህል እንደመለሰ ለማወቅ ደግሞ የምቱ ፍጥነት ከአማካዩ የሚወጣበትንና የሚወርድበትን መጠን ቆዳው ላይ ለለካችሁት ጥልቀት አካፍሉ። ለ15 በመቶ መዋዠቅ በሴኮንድ 30 ምት ወጥቶ ከወረደ፣ ለ1 በመቶ 2 ምት ነው። ከደረጃ 6 ሠንጠረዥ ላይ የየድግግሞሹን ጥልቀት ውሰዱ። ኮምፒውተሩ ላይ የጻፋችሁትን አይደለም።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

*ምቱን ከዓሣው ሞገድ ጋር ማመሳከር።* ፒ-ዩኒት ያለ ምንም ማነቃቂያም የዓሣውን ሞገድ ተከትሎ ይመታል። ዑደቱን በእሱ ከለካችሁ ለሁሉም ድግግሞሽ ከፍ ያለ ቁጥር ይወጣል። «ለሁሉም እኩል መለሰልኝ» የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው የሚመጣው። ማመሳከሪያው ቀርፋፋው ምልክት ነው።

*በ50 ወይም በ100 ሄርዝ ማነቃቃት።* የመብራቱ ጩኸትና የነርቩ ምላሽ አይለዩም። የግድ በዚያ አካባቢ ከፈለጋችሁ 43 ወይም 57 ውሰዱ።

*ቀርፋፋው ምልክት ከዜሮ ትንሽ ፈቀቅ ማለቱ።* ሁለት ሚሊቮልት እንኳ ቢሆን ማባዣው ውስጥ ገብቶ የዓሣውን ሞገድ በቋሚነት ይጨምረዋል ወይም ይቀንሰዋል። ከመጀመራችሁ በፊት በቴስተር ለክታችሁ ዜሮ አድርጉት።

*የብር ሽቦዎቹን ለወር ሳያጸዱ መጠቀም።* ይጠቁራሉ፣ ንባቡም ቀስ በቀስ ይወርዳል። በየሳምንቱ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉና በውሸት ዓሣው ላይ የመጀመሪያውን ቁጥር መልሰው መስጠታቸውን እዩ። የውሸት ዓሣውን ገንዳ ለዚህ ስትሉ አታፍርሱት፤ ጥግ ላይ ተዉት።